የጎርፍ መቋቋሚያ የቤት ድጎማ

የጎርፍ መቋቋሚያ የቤት ድጎማ ማለት፣ በሙላት የተጎዳ መኖሪያ ቤት ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ ብቻ ሳይሆን፣ ዳግመኛ ሲጥለቀለቅ ጉዳቱ እንዲያንስ ሆኖ እንዲታደስ መንግሥት ለባለቤቱ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ከ2014 ዓ.ም. ሙላት በኋላ በተቋቋመው ፈንድ ወለል ከፍ ተደርጓል፤ ከጎርፍ ሊድን የማይችል ቤትም ተገዝቶ ፈርሷል።

በአዲስ አበባ ደግሞ፣ ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚቃረቡበት በአቃቂ ቃሊቲ ዝቅተኛ ምድር፣ በዘመነ ክረምት የጭቃ ቤት ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ ስለሚናድ፣ የድንጋይ መሠረትና ከፍ ያለ ወለል ከሁሉ ይቀድማሉ፤ ዳሩ ግን በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሬቱ የመንግሥት በመሆኑ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪም ተከራይ እንጂ ባለቤት ባለመሆኑ፣ ለባለቤት ብቻ የሚታሰብ ድጎማ ድኻውን ተጎጂ ሳይነካ ያልፋል። ይሁንና የኢትዮጵያ የ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ፣ ከአደጋ በኋላ በሚሰጥ ርዳታ ሳይወሰን፣ አደጋን አስቀድሞ መቀነስን መርሑ አድርጓል።