ሥርዓቱ የማን ነው? የጎልማሶች ክፍል አያያዝ በሐዲያና በከምባታ

ስለ ጎልማሶች ትምህርት በተነገረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተመዘገበው ሰው፣ የታተመው መጽሐፍና የተሠራው ክፍል ነው። ተማሪው ደጃፉን አልፎ ከገባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው፣ ያረፈደ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ የተሳሳተም በማን ፊት እንደሚታረም ግን እምብዛም አይመረመርም። ሆኖም የትምህርቱ ዕድል የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤቱን ቢጠላ ወላጁ እጁን ይዞ ይመልሰዋል፤ ጎልማሳ ግን አንድ ቀን ይቀርና በዚያው ይቀራል፤ ምክንያቱንም ለማንም አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጉዳይ በሆሳዕናና በሐዲያ በከምባታ ከተሞች ታሪክ ውስጥ መመልከት ነው።

በዚህ አገር ጎልማሳ ሰው ፊደል ለመቁጠር መቀመጡ አዲስ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች በአካባቢው ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም እምነቱ በአገሬው ሰባኪዎች እየተስፋፋ ሲሄድ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በራሱ ዓይን ለማንበብ የፈለገ ብዙ ሰው በየጸሎት ቤቱ ፊደል ቆጥሯል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ ተናጋሪው ጎልማሳ ፊደሉንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ መማር ነበረበት። ሸክሙ ድርብ ቢሆንም የተሸከመው በፈቃዱ ነው፤ ምን ሊያነብ እንደ ተነሣ ያውቅ ነበርና።

ሌላው ገፊ ምክንያት የእንጀራ ጉዳይ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐዲያና የከምባታ ወጣት እንሰቱን ለሚስቱና ለእናቱ ትቶ ወደ አገዳው እርሻ መውረድ ለመደ። ከአገር የወጣ ሰው ደብዳቤ ይልካል፤ ደመወዝ ሲቀበል ይፈርማል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ደብዳቤውን በሌላ ሰው እጅ ያጽፋል፤ ምሥጢሩም ከጸሓፊው ጋር ይቀራል። በደመወዙ መዝገብ ላይም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል፤ የተቀነሰበት ቢኖር አያውቅም። እንግዲህ ጎልማሳው የትምህርትን ጥቅም እንዲረዳ ሰባኪ አላስፈለገውም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ፍላጎት አገኘው። አካባቢው ያን ጊዜ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል ነበር። ዘመቻው ደረጃ በደረጃ በ15 ቋንቋዎች እንዲካሄድ ሲደረግ ሐዲይኛና ከምባትኛ ከእነርሱ መካከል ተቆጠሩ፤ ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። የአገሬው ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው በመንግሥት መጽሐፍ ሲማር ማየት ትልቅ ነገር ነበር። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ማግኘቱም የሚታወስ ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ሌላ ነገር እናያለን። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ልጅ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም አባቱ፣ ምናልባትም አያቱ፣ ከታች ይቀመጣል። ልጁ የሚያውቀው የክፍል አያያዝ ራሱ የተያዘበትን ብቻ ነው፤ ስም ጠርቶ ማስነሣት፣ የተሳሳተውን በሰው ፊት ማረም፣ ያረፈደውን ማቆም። ይህን ሥርዓት በሽማግሌ ላይ ሲያውለው ትምህርቱ ቀርቶ ክብር ይነካል። ቀን እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት በፋኖስ ብርሃን ዓይኗ ሲከደን ስንፍና ይመስለዋል። የቀረው ተማሪ ደግሞ በብዙ ሥፍራ የሚጠየቀው በቀበሌው ወይም በገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ መቀጮ ነበረ፤ ከቀበሌ አገልግሎት መከልከልም ነበረ። በዚህ መንገድ አግዳሚው ሞላ፤ መዝገቡም ሞላ። አስገዳጁ ሲነሣ ግን አብሮት የተነሣው ብዙ ነው።

ይህን ስንል የዘማቹን ድካም ለማቃለል አይደለም። በጭቃ ተጉዞ፣ በሰው ቤት አድሮ ያስተማረ ወጣት ብዙ ነው፤ በእርሱ ልፋት ስሙን የጻፈ፣ የልጁን ደብዳቤ ያነበበ አባትም ብዙ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን በአንቱታ የጠራ፣ ሰዓቱን ከገበያና ከለቅሶ ጋር ያስማማ፣ የሳተውን ለብቻው ቀርቦ ያረመ አልታጣም። ይህን ለማድረግ ግን የክፍል አያያዝ ትምህርት አልተሰጠውም፤ ያደረገው በአስተዳደጉና በጨዋነቱ ብቻ ነው። ትልቅ ዘመቻ ደግሞ በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም።

ለመሆኑ ጎልማሳው ሥርዓት ይጠላልን? አይጠላም። ሐዲያና ከምባታ «ሴራ» የሚሉት ቃል አለ። በአማርኛ ሴራ ተንኮል ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ግን ሕዝቡ ተስማምቶ የሚተዳደርበት የአኗኗር ሕግ ነው። የዕድርን ደንብ እንመልከት፦ ያረፈደ ይቀጣል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ያለ ተራው የተናገረ ይገሠጻል። ሰውየው መቀጮውን ከፍሎ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። ይኸው ሰው በማታ ትምህርት ክፍል «ለምን አረፈድህ?» ሲባል ግን ዳግመኛ አይታይም። በሁለቱ ቦታ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የዕድሩን ደንብ እርሱ ራሱ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው መሆኑ ነው።

በሌላው ዓለምም ይህን የተረዱ ነበሩ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሪ በ1955 ዓ.ም. በአንጂኮስ ከተማ ወደ 300 የሚሆኑ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ለማስተማር ሲነሣ ክፍሉን «የባህል ክበብ» ብሎ ጠራው፤ ውይይቱንም ከሠራተኞቹ የዕለት ኑሮ ቃላት ጀመረ። በዛፍ ጥላ ሥር ዙሪያውን ተቀምጦ ለሚመክር የሐዲያ ሽማግሌ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሆሳዕና በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ ለግንበኞችና ለፌራዮዎች የፕላን ንባብ የማታ ትምህርት ከፈትሁ። ተማሪዎቹ 22 ነበሩ። በተዋስነው የሕፃናት ክፍል ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ይል ነበር። እኔም ልክ በ12 ሰዓት በሩን እዘጋ፣ ያልመለሰውንም ቆሞ እንዲቆይ አደርግ ነበር፤ ሥርዓት ያስያዝሁ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት 9 ሰዎች ቀሩ። አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ ወደ ውጭ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ቀን የማዛቸው ልጆች ፊት ማታ አታቁመኝ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠመኔውን ለእነርሱ ሰጠሁና ደንቡን ራሳቸው አወጡ። ሰዓቱ በግማሽ ሰዓት ዘገየ፤ የገበያ ቀን ቀረ፤ አግዳሚው ዙሪያውን ሆነ፤ ያረፈደ ለቡና የሚሆን አምስት ብር እንዲያዋጣ ተወሰነ፤ ያልገባውም በሐዲይኛ ጓደኛውን እንዲጠይቅ ተፈቀደ። ከሄዱት ሁሉም አልተመለሱም፤ 15 ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ዘለቁ። መቀጮውንም ከሁሉ ይልቅ የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልማረኝም።

ከዚህ ትምህርት በኋላ አንድ ፌራዮ ፕላኑን ይዞ መጣና በአንድ ምሰሶ ላይ የስታፋው ርቀት 15 ሴንቲ ሊሆን ሲገባው 25 ሆኖ መታሰሩን አሳየኝ። አርማታው ሊሞላ አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶት ነበር። ያ ሰው በአራተኛው ሳምንት ከቀሩት አንዱ ነበር፤ ባይመለስ ኖሮ ስሕተቱ በአርማታው ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሐዲይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በዘመቻው ጊዜ ቋንቋቸውን በግእዝ ፊደል ማንበብ የተማሩ አባትና እናት የልጃቸውን መጽሐፍ ለማንበብ እንደገና ተማሪ መሆን አስፈለጋቸው። ስለዚህ የጎልማሳው ክፍል በአንድ ዘመቻ ተጀምሮ በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ አይደለም። በየሙያው ሠራተኛ የምናሠለጥን ሁሉ ነገ በዚያ ሰሌዳ ፊት መቆማችን አይቀርም። የትምህርቱን ዝርዝር ከማዘጋጀታችን አስቀድሞ ተማሪዎቻችንን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ይበጃል፦ «እንዴት እንድንተዳደር ትፈልጋላችሁ?» መልሱን ያውቁታል፤ በዕድራቸው ሲሠሩበት ኖረዋልና።