ከእንዶድ እስከ ኢንዛይም፦ የልብስን ሽታ የማስለቀቅ ልማድ ከወንዝ ዳር እስከ ዳንፎርዝ

ከጨርቅ ላይ ሽታ የሚለቅባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ማጠብ፣ ማጠንና ሽታውን የሚፈጥረውን ነገር ማፍረስ። ማጠብና ማጠን በኢትዮጵያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ የቤት ሙያዎች ናቸው። ሦስተኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስትሪ ያመጣው ነው። በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና፣ በግሪንዉድና በሞናርክ ፓርክ መካከል በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ሠፈር ሦስቱም ይሠራባቸዋል። ለእያንዳንዳቸው አቅም ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው ደግሞ የድመት ሽንት ነው።

ሳሙና በየሱቁ ከመዳረሱ በፊት የኢትዮጵያ ማጠቢያ እንዶድ ነበር። የቁጥቋጦው ፍሬ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ተወቅጦም ይነፋል፤ ዱቄቱ በውሃ ሲመታ ነጭ አረፋ ያወጣል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከተባለው ውህድ ሲሆን ቅባትን ከውሃ ጋር አስማምቶ ላብንና እድፍን ከክሩ ያላቅቃል። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ተዘፍዝፎ በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፣ በወራጅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፀሐይዋ ከማድረቅ አልፋ ሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ትገድላለች።

የእንዶድን ኃይል ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የፈጃቸው የማጠቢያው አረፋ መሆኑንም አረጋገጡ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ጊዜ ዜብራ ሙሰል የተባለ ዛጎል ለበስ ፍጡር፣ ቶሮንቶ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳበትን ኦንታሪዮን ጨምሮ፣ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወርሮ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድን ሞከሩበት፤ ገዳይነቱም ተረጋገጠ።

እድፉ ወጥቶ ሽታ ሲቀር ደግሞ ማጠን ይከተላል። የወተት ዕቃ በወይራ እንደሚታጠን ሁሉ የክት ልብስም ፍም ላይ በተበተነ ዕጣን ወይም ከርቤ ይታጠናል። ጢስ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ቢያዳክምም ዋናው ሥራው በመጥፎው ሽታ ላይ ሌላ ሽታ መደረብ ነው።

ዳንፎርዝ እነዚህን ልማዶች የተቀበለው ከስደተኞቹ ጋር ነው። መንገዱ የተሰየመው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአካባቢው መንገድ ለመሥራት በተዋዋለው አሜሪካዊ ኤሳ ዳንፎርዝ ነው። ከመሀል ከተማ ጋር ያገናኘው የፕሪንስ ኤድዋርድ ድልድይ በ1918፣ የምድር ውስጥ ባቡሩም በ1966 ሥራ ጀመሩ። ግሪኮች ከሰፈሩበት ወደ ምሥራቅ ባለው ክፍል፣ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ አገራቸውን ጥለው የወጡ ኢትዮጵያውያን ከጊዜ በኋላ ምግብ ቤትና የእንጀራ መሸጫ ከፈቱ። ወንዝና ድንጋዩ በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ተተካ። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ በፀሐይ ፈንታ የማድረቂያ ሙቀት መጣ፤ ዕጣን ሲጨስም የጢስ ጠቋሚው ደወል ይጮሃል።

የድመት አያያዝም እንዲሁ ተለወጠ። በኢትዮጵያ ገጠር ድመት የምትፈለገው ጎተራ ውስጥ ለሚገባው አይጥ ነው፤ የምትሸናውም ደጅ ነው። በቶሮንቶ ግን ብዙ ድመቶች ከቤት አይወጡም። ለዚህ መንገድ የከፈተው ኤድ ሎው የተባለ የሚሺጋን ሰው ሲሆን፣ በ1947 እስከዚያ ድረስ በድመት መጸዳጃ ሣጥን ውስጥ ይነጠፍ የነበረውን አሸዋና አመድ የሚመጥ ሸክላ አፈር እንዲተካው አደረገ። ድመቷ ከአፈሩ ሣጥን ስትርቅ ግን የምትመርጠው ለስላሳ ነገር ነው፦ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድር ቤት የተቀመጠ የመኝታ ከረጢት፣ የተጠቀለለ ድንኳን።

ትኩስ የድመት ሽንት ያን ያህል አይከረፋም። ውሎ ሲያድር ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ፌሊኒን የተባለው ድኝ ያዘለ አሚኖ አሲድም እየፈረሰ ያንን የታወቀ ክርፋት ያወጣል፤ ፌሊኒን በተለይ ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ውስጥ ይበዛል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2006 ፌሊኒን እንዲመረት የሚረዳው ኮክሲን የተባለ ፕሮቲን መሆኑን አሳይተዋል። ቅሪቱ ክር ውስጥ ስለሚዘልቅ የደረቀው ጨርቅ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው ይመለሳል። ዕጣን ይህን አያቆመውም።

መፍትሔው የመጣው ከኢንዛይም ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም በ1913 ከእንስሳት ቆሽት የተገኘ ኢንዛይምን ለልብስ ማጠቢያነት የፈጠራ መብት አወጣበት። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከባክቴሪያ የሚመረቱ ኢንዛይሞች በዱቄት ሳሙና ውስጥ ተለመዱ፤ ለቤት እንስሳት ሽታ የሚሸጡት ፈሳሾችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ኢንዛይም ቅሪቱን ቆራርጦ በውሃ ወደሚወጣ ነገር ይለውጠዋል፤ ለዚህ ግን ጊዜና እርጥበት ይፈልጋል።

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። ሽንቱ ሳይታሽ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ይመጠጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። በውሃ የቀጠነ አቼቶ አሞኒያውን ያበርደዋል። ከዚያ ኢንዛይሙ ሽንቱ እስከዘለቀበት ድረስ ይፈሳል፤ ጨርቁም ሳይደርቅ ለሰዓታት ይቆያል። ሽታው ሳይለቅ ማድረቂያ ውስጥ ማስገባት ቅሪቱን ያጠነክረዋል። በረኪና ፈጽሞ አይጨመርም፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ የጋቢንም ጥለት ቀለም ይበላል።

ድንኳን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከናይለን የተሠራው የካምፕ ድንኳን ውሃ የሚከላከልበት የፖሊዩሬቴን ሽፋን ስላለው በማሽን አይታጠብም፤ በእጅና በስፖንጅ ታጥቦ ጥላ ሥር ይሰቀላል። እርጥቡ ከተጠቀለለ ሽፋኑ ይላላጣል፣ ይሻግታልም። ወፍራሙ የእድር ሸራ ድንኳን ግን ተዘርግቶ በብሩሽ መታሸትን ይችላል። ዕጣን ማጨስ የሚመጣው ሁሉም ታጥቦና ደርቆ ሲያበቃ ነው፤ ከቀደመ ሽንቱ ያለበትን ቦታ ለይቶ ማግኘት ይከብዳል።