የብስክሌት ውድድር ለማየት ባሕር ማዶ

ሲናና ውስጥ ያደገ ሰው ስለ ዳገት ከማንም አይማርም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ከ2,700 ትዘላለች፤ ከዚያ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰነቴን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በ«ቱር ደ ፍራንስ» ስሙ የገነነው የጋሊቢዬ ተራራ መንገድ ደግሞ ጫፉ 2,642 ሜትር ነው። ገና ጎባ አልደረሰም ማለት ነው!

ይህንን ሮቤ ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ብነግረው፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ዳገት ለማየት አገር አቋርጦ መሄድ ምን አመጣው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳገቱ እኛ ጋ አለ፤ ውድድሩ ነው የሌለው።

የመንገድ ላይ ብስክሌት ውድድር በአብዛኛው ትኬት የለውም። ሜዳው የሕዝብ መንገድ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ዳር ይዞ ይቆማል። ልምድ የሌለው ተመልካች ግን ሜዳማ ቦታ ላይ ይቆምና ይሸወዳል፤ ጀማው በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አልፎት ይሄዳል። ዳገት ላይ ግን ተወዳዳሪዎቹ ተበታትነው፣ አንዳንዴም አንድ በአንድ ስለሚመጡ የእያንዳንዱ ፊት ይታያል፤ ትንፋሹም ይሰማል። መንገዱ ከሰዓታት በፊት ስለሚዘጋ ስንቅና የዝናብ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

ለኛ ሰው ከባዱ ዳገት ግን ኤምባሲ በር ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የአውሮፓ ኤምባሲ ቪዛ ከለከለኝ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ምልክት የተደረገበት ምክንያት «ወደ አገሩ ለመመለሱ ጥርጣሬ አለ» የሚል ነበር። የሸንገን ቪዛ ሕግ (ደንብ ቁጥር 810/2009) አንቀጽ 32 የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረውና ይግባኝ እንዲል መብት ይሰጠዋል። ይግባኙ የት እንደሚቀርብና የጊዜ ገደቡ በአገሩ ስለሚለያይ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። እኔ የሕግ ሰው ነኝ ባይ፣ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ጊዜው አለፈ። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጣለ፤ የማመልከቻ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከትን ስለሚፈቅድ፣ በሐምሌ የሚካሄደውን ቱር ማየት የሚሻ ሰው የካቲት ላይ ቢጀምር ይሻለዋል።

በነገራችን ላይ፣ ብስክሌት ለኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያንን ከመንገድ ዳር ማየት እመኝ ነበር፤ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።

መስከረም 2018 ዓ.ም. የመንገድ ላይ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፤ ኪጋሊ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአፍሪካውያን ሁሉ በሯን ያለ ቪዛ እንደምትከፍት አስታውቃለች። እኔን ማንም ስለ መመለሴ አልጠየቀኝም። መስቀልን እዚያው አሳልፌ፣ በማግስቱ የወንዶቹን ውድድር ኪሚሁሩራ የሚባለው ኮብልስቶን ዳገት ላይ ቆሜ አየሁ። መንገዱ የከተማ ዙር ስለሆነ 15 ጊዜ ነው ፊት ለፊታችን ያለፉት፤ ለተመልካች ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ስሎቬኒያዊው ታዴ ፖጋቻር ብቻውን ነበር። ርቀቱ 267.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከ160 በላይ ከተነሡት የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ኤርትራውያን ደጋፊዎች ሰንደቃቸውን ለብሰው ዳገቱን ሞልተውት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

ሻምፒዮናው አልፏል። ኪጋሊን ማየት ለሚሻ ግን «ቱር ዱ ሩዋንዳ» በየዓመቱ የካቲት አካባቢ ይካሄዳል። የእህቴ ልጅ ፓስፖርት አውጥቷል።