ሐኪሙ የምክር ቤት አባል፦ ሩዶልፍ ፊርኾ እና የበርሊን ፍሳሽ

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ (1821–1902 እ.ኤ.አ.) በሽታ ከሕዋስ እንደሚጀምር በማስተማራቸው ይታወቃሉ። ለድኃው ኅብረተሰብ የዋሉት ትልቁ ውለታ ግን ከቤተ ሙከራ ውጭ የተፈጸመ ነው።

በ1848 የፕሩስያ መንግሥት የተስቦ ወረርሽኝ ወደ በረታበት ላይኛው ሲሌዥያ ላካቸው። በዚያም በረኃብ የተጎሳቆለና በጠባብ ጎጆ ተፋፍጎ የሚኖር ገበሬ አገኙ። በዘገባቸው የጠየቁት መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ በሚናገረው በፖላንድኛ የሚሰጥ ትምህርት፣ የተሻሻለ እርሻ፣ መንገድ፣ እንዲሁም ሸክሙ ከድኃው ወደ ባለጸጋው የሚዞር ግብር እንዲኖር ነበር። ይህ ለሹማምንቱ የሚጥም ቃል አልነበረም።

በ1859 ለበርሊን ከተማ ምክር ቤት ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አባል ሆነው ቆዩ። በዚያ ዘመን የቤት ፍሳሽ በጎዳና ዳር ቦዮች ይወርድ ነበር። ፊርኾ ጉዳዩን አጥንተው ተሟገቱ፤ ምክር ቤቱም በ1873 መሐንዲሱ ጄምስ ሆብሬክት የነደፉት የከርሰ ምድር መስመር እንዲሠራ ወሰነ። የቤት ባለንብረቶች ከመስመሩ ጋር እንዲገናኙ በከተማው ደንብ ተገደዱ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ግዴታው ባይኖር የድኃ ተከራይ ጤና በአከራዩ በጎ ፈቃድ ላይ በተንጠለጠለ ነበር።

አርሶ አደሩን የሚመለከተው ደግሞ የፍሳሹ መድረሻ ነው። ከተማዋ በዙሪያዋ ሰፋፊ ይዞታዎችን ገዝታ ፍሳሹን በፓምፕ ወደ ማሳ ለቀቀች፤ ሣርና አትክልትም አበቀለችበት። ያልተጣራ ፍሳሽ የአንጀት ትላትልን ስለሚያዛምት ይህ አሠራር ዛሬ አይመከርም። በእነዚያ ማሳዎች አፈር ውስጥም ከዓመታት በኋላ ከባድ ብረቶች ተከማችተው ተገኝተዋል።