ሲአርፒ ከየት መጣ?

ደም ተመርምራችሁ ውጤቱ ላይ «ሲአርፒ» የሚል አይታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ «ኢንፌክሽን አለ» ይባልና መድኃኒት ይታዘዛል። የዚህን ነገር ታሪክ የሚያወጋን ስላላገኘን ዛሬ እኛው እናውጋችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳንባ ምች ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ዊሊያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሕሙማንን ሴረም፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚቀረውን ፈሳሽ፣ ከምቹ ባክቴሪያ ከወጣ «ሲ» ከተባለ ስኳር ጋር ቀላቀሉት። ሕመሙ ሲጠና ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ በሽተኛው ሲድን መደፍረሱ ይቀራል። ፀረ እንግዳ አካል ቢሆን ኖሮ ዘግይቶ ይመጣና ከዳኑም በኋላ ይቆይ ነበር። ይሄኛው ተገላቢጦሽ ሆነባቸው።

በ1941 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ ነገሩ ካልሲየም የሚሻ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። አዎ፣ ያው በ1944 የዘር መልእክት ያለው ዲኤንኤ ላይ መሆኑን ያሳየው ኤቨሪ ነው። ኖቤል ሳይሸለም መሞቱ ዛሬም ያንገበግበናል!

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? መልሱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። በ1971 ቮላናኪስና ካፕላን ፕሮቲኑ ባክቴሪያው ላይ ያለውን ፎስፎኮሊን እንደሚጨብጥ ደረሱበት። የተጎዱና የሞቱ የራሳችን ሕዋሳት ላይም ይጣበቃል፤ ከዚያ ሌሎቹን የደም መከላከያ ፕሮቲኖች ይጠራል። የሚሠራው ጉበት ነው፤ አምስት አንድ ዓይነት ቁራጮች ቀለበት ሠርተው ይገጣጠማሉ። ቤተሰቡ «ፔንትራክሲን» የተባለውም በዚሁ አምስትነት ነው። በ1994 የወንድሙ የኤስኤፒ ቅርጽ ሲታይ አተጣጠፉ ስኳር የሚይዙትን የጥራጥሬ ሌክቲኖች መሰለ። ሌላው ዘመድ ፒቲኤክስ3 ነው፤ በ2002 እሱ የሌላቸው አይጦች አስፐርጊለስ የተባለውን ሻጋታ መቋቋም እንዳቃታቸው ታየ። አይጥ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል፦ ስትታመም በዋናነት የሚያሻቅበው ኤስኤፒ እንጂ ሲአርፒ አይደለም።

በ2000ዎቹ ሲአርፒ ራሱ የልብ ሕመም ያመጣል የሚል ክርክር ጦፈ። ከ2009 እስከ 2011 የወጡ የዘረመል ጥናቶች ግን በተፈጥሯቸው ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎች በዚያ ምክንያት ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደማይጋለጡ አሳዩ። ውሻው ስለጮኸ ሌባ ተብሎ ነበር ማለት ነው። ይኸው ውሻ ለቀዶ ሕክምናም፣ ለቃጠሎም፣ ለመገጣጠሚያ ብግነትም ይጮኻል፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ፀረ ባክቴሪያ መዋጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ቲቢን ለመለየት ከሚያግዙ የመጀመሪያ ማጣሪያዎች አንዱ አድርጎታል፤ መነሻው በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ነው። ማጣሪያው የያዘው ሰው ቀጥሎ አክታው ይመረመራል።