ሚግ-17 ተዋጊ ጄት፣ የሐርጌሳ የጦርነት መታሰቢያ
የሶቪየት ኅብረት ሥሪት፤ ንድፉ የ1950ዎቹ መጀመሪያ፤ ብረታ ብረት፤ የሶማሊያ አየር ኃይል ንብረት የነበረ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1988 የአማፂው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከኢትዮጵያ ተነሥተው ቡርዖንና ሐርጌሳን ሲያጠቁ፣ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ ጄቶች ደበደበ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ መቶ ሺዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ይህ ጄት በዚያው ዘመቻ ከከተማዋ አቅራቢያ የወደቀ ነው።

በሐርጌሳ አደባባይ ላይ የቆመው የመሪ ሐውልት ሳይሆን የገዳዩ መሣሪያ መሆኑ ልብ ይባል። መሪም ሆነ ነፃነቱ ሁሉን አያስማማም፦ የንቅናቄው ሊቀመንበር አብዲራህማን አህመድ አሊ (ቱር) በ1991 ሐርጌሳ ያለችበት ሶማሌላንድ ከሶማሊያ ነፃነቷን ስታውጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቷ ሆኑ፤ በ1994 ግን ከሶማሊያ ጋር በፌዴሬሽን መኖርን ደገፉ። ሶማሌላንድ የእኔ በምትለው ምሥራቅ፣ በላስ ዓኖድ ከተማ፣ ብዙዎች ይህን ነፃነት አይቀበሉም፤ በ2023 ለወራት ተዋግተውበታል።