ያለ ጭብጨባ መድፈር፦ የእንጦጦ በገና ታሪክ

ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃና ስለ ሙዚቀኞቿ ድፍረት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ውቤ በረሃ፣ ወደ ክቡር ዘበኛና ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ። መውረዱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳተመ። በዚያ ድፍረት የተከፈተው በር ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን የከተማችንን ዘመናዊ ሙዚቃ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ድፍረትን በመድረክ መብራትና በሸክላ ሽያጭ ብቻ የሚለካ ታሪክ ግማሹን ይዞ ግማሹን ይጥላል። የተጣለው ግማሽ የሚገኘው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ እስከ እንጦጦ አናት በተዘረጋው የጉለሌ ዳገት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ በዚህ ከተማ የኪነ ጥበብ ድፍረት ከሁሉ ጠንክሮ የተፈተነው ጠባቂም ገበያም ባልነበረው ሙያ ላይ ነው፤ ለዚህም ከሁሉ የተሻለው ምስክር በገና ነው።

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ ኋላም እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ሲያቀኑ፣ ዳገቱ በቤተ መንግሥቱና በሜዳው መካከል መተላለፊያ ሆነ። ላይ እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ሽሮ ሜዳ፣ ታች ደግሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትና ጃን ሜዳ። አንድ ሰው በእግሩ ግማሽ ቀን ሳይሞላው የማኅሌት ከበሮ፣ የዶርዜዎች የኅብረት ዜማና የወታደር ባንድ ጥሩምባ ሊሰማ የሚችልበት ስፍራ ነበር። በጥምቀት ቀን እነዚህ ድምፆች ጃን ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ካህናቱ በጸናጽል፣ የዶርዜ ጎልማሶች ጦራቸውን እየነቀነቁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በቀን የሚሰደብበትን ሙያ ይዞ በበዓል ቀን በአደባባይ የሚዘፍን ሰው እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔንና ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ለማውጣት የተገደዱት ስድቡ ሥር ስለ ሰደደ ነው። አዋጅ ግን ስድብን ወዲያው አያጠፋም፤ በዚህ ከተማ ሙያ ይዞ አንገትን ቀና ማድረግ ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

በገና ከእነዚህ ከሁሉም የተለየ ቦታ አለው። ቁመቱ የተቀመጠ ሰው ያህላል። ከታች በበሬ ቆዳ የተሸፈነ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሱ ሁለት ምሰሶዎች፣ በላያቸው መቃኛዎቹን የተሸከመ ቀንበር። አውታሮቹ 10 ናቸው፤ በጣት ሲደረደር ግን ድምፅ የሚያወጡት 6ቱ ናቸው፣ የቀሩት የጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚቀር እርጥብ ጉርምርምታ የሚመጣው ከእርሷ ነው። ደርዳሪው እንዝራዋን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለመግፋት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቦታዋን ከሳተች አውታሩ ደርቆ ይጮኻል። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ በሰፊ አዳራሽ ያለ ማጉያ ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም። ይህ መሣሪያ በዐቢይ ጾም በብዙ ምእመናን ቤት ይሰማል፤ መዝሙረ ዳዊትንም ያስታውሳል፤ ነገር ግን በቅዳሴም በማኅሌትም ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ትወደዋለች እንጂ እንደ ቅኔና እንደ ድጓ ጉባኤ ዘርግታ አታስተምረውም ነበር። ለሠርግ አይሆን፣ ለጠጅ ቤት አይሆን፣ አያስጨፍር። ስለዚህ አዝማሪን እንደሚያኖረው ያለ ሽልማት አያኖረውም፣ ደብተራን እንደሚያኖረው ያለ ደብርም የለውም። በገና በእያንዳንዱ ትውልድ የሚተርፈው አንድ ሰው ሌላ አንድ ሰው ሊያስተምር ሲወስን ብቻ ነው።

መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ1942 ዓ.ም. አካባቢ እንጦጦ ላይ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ስመ ጥር የበገና መምህር ከቤተሰባቸው አጠገብ መጥተው ኖሩ፤ ልጁም ከእርሳቸው ዘንድ በገና ተማረ። ይህችን ትንሽ የሕይወት ታሪክ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ከተማ ለኪነ ጥበብ የሚያደርገው ትልቁ ውለታ እዚህ ውስጥ አለና። ብዙ ሰው ከተማን የትውፊት ጠላት አድርጎ ያያል፤ በገና የገዳምና የባላገር ነው፣ አስፋልት ሲመጣ ይጠፋል ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። መምህሩን ከልጁ ጎን ያመጣው ሰውን የሚያንቀሳቅሰውና የሚያጎራብተው ከተማ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ሙያ ባለቤቱ መካን ሲሆን ያልቃል፤ ጎረቤት የሚማረው ሙያ ግን ሌላ መውጫ አለው። ያ ልጅ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦግራፊ አጠና፤ ድምፁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በውጭ አገር የሙዚቃ ተመራማሪ ተቀርጾ ዓለም ሰማው፤ ቀጥሎም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ። ሠፈሩ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የድምፅ መቅረጫውና የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሁሉም የከተማ ሥራዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ሌላ ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በገና በሁለት በኩል ተጠርጣሪ ሆነ፤ አንደኛ ጸሎት ነው፣ ሁለተኛ ነገሥታትና መኳንንት ይደረድሩት የነበረ መሣሪያ ነው። በጾም ወራት ከሬዲዮ ይሰማ የነበረው ድምፅ ራቀ፤ በያሬድ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። ዓለሙ አጋ ከ7 ዓመት ያህል ማስተማር በኋላ በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርት ቤቱን ለቀው ፒያሳ ላይ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚያዝነው ትልቅ ደርዳሪ ባለ ሱቅ በመሆኑ ነው። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያስከብር ነገር አላይም። እንጀራቸውን ከሌላ አገኙ፣ በገናውን አልጣሉም፤ የሚያስተምሩበት ወንበር ሲወሰድ መሣሪያውን ለዘመኑ እንዲመች አድርገው አልለወጡትም፣ ለሌላ መዝሙርም አላከራዩትም። ደርግ ወድቆ በገና ተመልሶ በአደባባይ ሲሰማ፣ በዓለም አቀፉ የኢትዮፒክስ የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ውስጥም ራሱን የቻለ አልበም ሲወጣለት፣ ወደ ሰሚው የደረሰው ያልተቆራረጠ ድምፅ ነበር።

አንድ ከባድ ተቃውሞ እዚህ ይነሳል። ማንም በበገና ምክንያት አልተገደለም፤ ዝም ማለትን ድፍረት ብሎ መጥራት የሞቱትን ማሳነስ ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ማስረጃውም ከዚሁ ዳገት ግርጌ ይገኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተከተለውን እልቂት ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው በቀጣዮቹ ሳምንታት የሆነው ነው፤ ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ የሕዝቡን ልብ ያሸፍታሉ ያላቸውን ባሕታውያን፣ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየያዙ እንዲረሽኑ አዘዘ፤ ብዙዎችም ተረሸኑ። ማሲንቆ ይዞ መገኘት ለሞት በቂ ምክንያት የሆነበት ወቅት ነበር። የእነዚያን አዝማሪዎች ድፍረት ከማንም ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ከዓለሙ አጋም ሱቅ ጋር አላወዳድረውም። ልዩነቱ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። አዝማሪውን የገደለው ኃይል ፈርቶታል፤ ቃሉ ሰው እንደሚያነሳ አውቋል። በገናን ያገለለው ኃይል ግን ከነጭራሹ ሊረሳው ፈለገ። የሚፈሩት ሰው ቢያንስ ጠላት አለው፣ የሚያለቅስለት ወገን አለው፣ ስሙም ይነሳል። ለሚረሱት ሰው የሚቀረው የራሱ ውሳኔ ብቻ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ታሪካችን የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ ቢያነሳም ሁለተኛውን እንደ ድፍረት ቆጥሮት አያውቅም።

ሁለተኛውን ፈተና በገና ብቻ አላየውም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው ሲመለሱ የገቡት በዚያው በስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነበር። ጣሊያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች አስተማራቸው፤ እርሱም አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መራ። ወደ እንግሊዝ ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ግን ፈቃድ ተነፍጎት ቀረ፤ እሳቸውም ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌማርያም ሆኑ። ከዓመታት በኋላ ወደ ፒያኖው ሲመለሱ ያወጡት ዜማ የአውሮፓን ትምህርትና የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ያጣመረ፣ ለማንም መድረክ ያልተሰፋ ነበር፤ በ1950ዎቹ ጀርመን የታተሙት ሸክላዎቻቸውም ገቢ ለችግረኞች ዋለ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ። የባለ ርስት ልጅ ስለሆኑ ነው የቻሉት የሚል ሰው ይኖራል። ፒያኖውንና መምህሩን ያገኙት በትውልዳቸው መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ትውልድ ሴት ልጁን ሙዚቀኛ ብሎ ለመጥራት የሚያፍር ትውልድ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ዜማውን ያቆየው የግል ጽናት እንጂ የአባት ስም አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከዘመናዊ ሙዚቀኞች የሚመጣ ነው፤ የአባትን ነገር መጠበቅ ጠባቂነት እንጂ ፈጠራ አይደለም፣ ድፍረት የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ለማምጣት ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር በገናን ከሩቅ ያየ ሰው አነጋገር ነው። የበገና ደርዳሪ የተጻፈ ኖታ አያነብም፤ ግጥሙን ይመርጣል ወይም ራሱ ይገጥማል፣ ቅኝቱን ከድምፁ ጋር ያስማማል፣ ዜማውን በደረደረ ቁጥር ያረዝማል ያሳጥራል። ከአንድ መምህር የተማሩ ሁለት ደርዳሪዎች አንድ ዓይነት አይሰሙም። ደግሞስ የማይገጥም ዘመን ላይ አሮጌ የሚባለውን ድምፅ ይዞ መቆም በራሱ አዲስ ነገር ነው። አምሃ እሸቴ ሕግ ጥሶ ሲያሳትም ገበያው ከኋላው ነበር፤ ወጣቱ ሸክላውን ለመግዛት ይጠብቅ ነበር። የሚጠብቅ ሰው በሌለበት መደርደር ከዚያ አያንስም። የአምሃን ሥራ ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ አምሃም በ1967 አገር ጥሎ እስኪሄድ ብዙ ዋጋ ከፍሏል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ አንዱን ብቻ ደፋር ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

ዛሬ የበገና ዕጣ ተገልብጧል። በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል ማሠልጠኛዎች ብዙ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል ሴት ልጆች፣ ይማሩታል። የበግ አንጀት አውታር በናይለን ተተክቷል፤ ድምፅ ማጉያ ይገጠምለታል፤ በጾም ወራት ከየሱቁ ይሰማል። አንዳንዱ በዚህ ያዝናል፤ እኔ አላዝንም። በገና በጉለሌ ዳገት ላይ የተረፈው ንጹሕ ሆኖ ስለ ተቆለፈ አልነበረምና። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ድምፁ ሲበዛ መምህሮቹ እየተረሱ መሄዳቸው። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ መናፈሻ ሆኗል፤ ሰው ለንጹሕ አየርና ለፎቶ ይወጣል። ከሚወጣው ሰው መካከል አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በዚያ ዳገት ጎረቤታቸውን ልጅ በገና እንዳስተማሩ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉለሌ ክፍለ ከተማና የያሬድ ትምህርት ቤት ይህን ሥራ በጋራ ይያዙት፦ በሕይወት ያሉ አረጋውያን ደርዳሪዎችን ቃል ይቅረጹ፣ የማን ደቀ መዝሙር ማን እንደሆነ ይመዝግቡ፣ የአለቃ ተሰማንም ስም እንጦጦ ላይ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ያኑሩ። አንባቢም የበገና መምህር የሚያውቅ ከሆነ ዛሬውኑ ሄዶ መምህራቸው ማን እንደነበር ይጠይቃቸው፤ የሚነግሩትንም ስም ይጻፈው።